የተማረ እጅ ስንት ያገኛል?
(በዩኒየኑ የምሥረታ በዓል ላይ የተደረገ ንግግር)



ሰሊጥ ሲደርስ ከጎጃምና ከጎንደር ደጋ ወደ መተማና ሁመራ ቆላ የሚወርደውን ሠራተኛ ሁላችንም እናውቀዋለን። ከመካከሉ አሥረኛ ክፍል የጨረሰ አለ፤ ፊደል ያልቆጠረም አለ። ለአንድ ዓይነት አጨዳ የሚከፈላቸው ግን እኩል ነው። ሰሊጥ ፍሬው ከመርገፉ በፊት መታጨድ ስላለበት ዋጋውን የሚወስነው የወቅቱ ጥድፊያና የክንድ ብርታት እንጂ የትምህርት ማስረጃ አይደለም። ወላጆች «ታዲያ መማሩ ምን ጠቀመው?» ቢሉ ያለምክንያት አይደለም።

ጥቅሙ የሚታየው ሒሳብ ሲተሳሰብ ነው። ሥራው በቁርጥ ሲሰጥ መሬቱን ራሱ ለክቶ፣ የተቆረጠበትን የምግብና የብድር ሒሳብ ራሱ ደምሮ የሚከራከር ሰው የተዋዋለውን ይዞ ወደ ቤቱ ይመለሳል። ሌላው ካቦው የነገረውን ተቀብሎ ይሄዳል። የካቦ ደብተር ያየ ሰው የምለው ይገባዋል።

በራስ ማሳም እንዲሁ ነው። ሻራዳ ዊር የተባሉ ተመራማሪ የኢትዮጵያን ገጠር አጥንተው እ.ኤ.አ. በ1999 ባቀረቡት ጽሑፍ፣ ትምህርት በእርሻ ምርታማነት ላይ ጉልህ ለውጥ የሚያሳየው ቢያንስ አራት ዓመት ሲማሩ መሆኑን አመልክተዋል። ከሁለተኛ ክፍል አውጥተን ከብት የምናስጠብቀው ልጅ እንግዲህ ደጃፉ ላይ ደርሶ የተመለሰ ነው።

የዓረብ አገሩ ጉዞ ይብሳል። በ2008 ዓ.ም. የወጣው የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923 ቢያንስ ስምንተኛ ክፍል ማጠናቀቅን ጠይቆ ነበር። ያን ጊዜ ከስድስተኛ ያቋረጠች ልጅ ሕጋዊው በር ሲዘጋባት የቀራት የደላላው በር ነው። የቤት ሠራተኛ ደመወዝ በክፍል ደረጃ አይለካም፤ ውሉን አንብባ የፈረመች ግን ስንት እንደሚገባት ታውቃለች። ማወቋ ብቻውን ገንዘቡን አያስከፍልላትም፤ ካላወቀች ግን ከየት ብላ ትጠይቅ?

ወደ ራሳችን ልመለስ። ትምህርት ደመወዝ የሚያስጨምረው፣ ትምህርት የሚጠይቅ ሥራ ሲኖር ነው። በገጠር ሒሳብ ያዥ፣ ንብረት ያዥና ሚዛን ተቆጣጣሪ የሚቀጥረው ዩኒየኑ ነውና ከከተማ ከመፈለጋችን በፊት የአባላትን ልጆች እንይ። ጠቅላላ ጉባኤው ስለ ትርፍ ክፍፍል ከመነጋገሩ በፊትም አንድ ነገር እንዲወስን እጠይቃለሁ፦ ለመጪው አጨዳ እያንዳንዱ ሠራተኛ የሠራው፣ የተቆረጠበትና የሚከፈለው የተጻፈበት ካርድ በእጁ ይሰጠው። ማንበብ የማይችለው ከሚያነብ ጓደኛው ጋር ያመሳክረዋል።