መርፌና ክር በየትኛው የወጪ መደብ ይመዘገባል?

በማኅበራችን የአባላትና የደጋፊዎች ስብሰባ ላይ የቀረበ ንግግር



መድረኩ ላይ የቆመችው አንዲት ብትሆንም ይህን ንግግር የምናቀርበው ሦስት ሆነን ነው። ሦስታችንም ሳንሱሲ የምንኖር የማኅበሩ አባላት ነን። ሦስታችንም በሁለት ዓመት ጊዜ ውስጥ ቀዶ ሕክምና አድርገን፣ ተኝተን፣ ተነሥተናል። ተመስገን ነው። የተኛንበትን ሕመም ዝርዝር ዛሬ አንናገርም፤ እሱን ጠያቂዎቻችን አስቀድማችሁ ታውቁታላችሁ። ዛሬ የምንነግራችሁ ተኝተን ሳለ እጃችን ምን ይሠራ እንደነበር ነው። ከዚያም ማኅበሩን አንድ ነገር እንጠይቃለን።

ነገሩ የጀመረው በአንድ ማመልከቻ ነው። ከሦስታችን መጀመሪያ የተኛችው እናታችን ከሆስፒታል ወጥታ ቤቷ ስትገባ፣ እንደ ልማዳችን የእርዳታ ኮሚቴው ሊጠይቃት ሄደ። ብርቱካንና አጃ ተይዞላት ነበር። «ምን ይጨመርልሽ?» ስትባል «አክርማና ስንደዶ፣ ከተቻለም ወስፌ» አለች። ኮሚቴው ጥያቄዋን ጽፎ ለሒሳብ ክፍሉ አቀረበ። ሒሳብ ክፍሉም «ለታመመ አባል የተፈቀደው የመድኃኒት፣ የምግብና የትራንስፖርት ወጪ ነው። የስፌት ዕቃ በዚህ መደብ አይገባም» ብሎ መለሰ። መልሱ በደንቡ መሠረት ትክክል ነበር። ፊርማም ማኅተምም አለው።

ያን መልስ የጻፈችው የሒሳብ ሠራተኛ በዓመቱ ራሷ ተኛች። ከሦስታችን አንዷ እሷ ናት። ስለዚህ ዛሬ ይህን ስናነሣ ሌላ ሰው እየወቀስን አይደለም።

ቀዶ ሕክምና ያላደረገ ሰው የሚመስለው ሕመሙ ቁስሉ ላይ ብቻ እንደሆነ ነው። ቁስሉስ ቀን በቀን ይሽራል። ሌላው የሚከብደው ግን ሥራ መከልከሉ ነው። ሐኪሙ «ለስድስት ሳምንት ከባድ ነገር አታንሺ» ይላል። እኛ ቤት ደግሞ ከባድ ያልሆነ ሥራ የቱ ነው? ውኃው በጀሪካን ነው። ሊጡ በትልቅ ባልዲ ነው። ምጣዱ ፊት ተቀምጦ መነሣት አለ። ልጅ አለ፣ ይታቀፋል። እነዚህን ሁሉ ሌላ ሰው ሲሠራቸው እያየን እንተኛለን። የሰፈራችን ስም እንደ ፈረንሳይኛው ከተፈታ «ያለ ሐሳብ» ማለት ነው አሉ። እኛ ግን እዚሁ ሳንሱሲ ተኝተን ጣሪያ እየቆጠርን ከሐሳብ ሌላ ሥራ አልነበረንም። የቤት ኪራዩ፣ የልጆቹ ትምህርት ቤት፣ ብድሩ፣ ሁሉም ሌሊት ይመጣል።

መጀመሪያ የተኛችው እናታችን አንድ ቀን ልጇን «ግድግዳው ላይ ያለውን ሰፌድ አውርጂልኝ» አለቻት። በልጅነቷ ከአያቷ ጋር ተቀምጣ የሰፋችው ነው። ሰፌዱን ሆዷ ላይ አድርጋ ዙሩን በጣቷ እየተከተለች መቁጠር ጀመረች። አራተኛው ዙር ላይ ቀለሙ በመሐል ይለወጣል። ቀዩ አለላ ያለቀባት እዚያ ላይ ነው። አያቷ «ፍቺው» ሳትላት «በአረንጓዴው ቀጥዪ፣ መንገድሽን ያሳያል» እንዳለቻት ትዝ አላት። መስከረም ላይ ስንደዶ ሊነቅሉ የሚወጡበት ሜዳ ትዝ አላት። ከሃያ ዓመት በላይ ወስፌ አልያዘችም ነበር። በማግሥቱ ነው «ስንደዶ» ያለችው።

ሁለተኛዋ የተኛችው እህታችን ዳንቴል ነበር የምትሠራው። ከመውለዷ በፊት ለቴሌቪዥኑ፣ ለሶፋው፣ ለረከቦቱ ሳይቀር ሠርታ ነበር። በኋላ ሥራው በዝቶ ኪሮሹ መሳቢያ ውስጥ ቀረ። ሦስተኛዋ፣ ሒሳብ ሠራተኛዋ፣ ተማሪ ሳለች በካሬ ወረቀት ላይ የጥልፍ ንድፍ ታወጣ ነበር። አንዱን ካሬ አንድ መርፌ አድርጎ እየቆጠሩ የትራስ ልብስ መጥለፍ ነው። ኮሌጅ ስትገባ ካሬ ወረቀቱ የሒሳብ መዝገብ ሆነ። ተኝታ ሳለ እናቷ አሮጌውን የትራስ ልብስ ከሳጥን አውጥተው አመጡላት። አበባው አንድ ቅጠል ይጎድለዋል። ቆጠራው የተሳሳተበትን ቦታ አገኘችው፤ አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ሂሳቡ ሳይዘጋ ቆይቷል።

ሦስታችንም በየተራ ጀመርን። መጀመሪያ ላይ ከአሥር ደቂቃ በላይ አልቻልንም። ጀርባ ይደክማል፣ ዓይን ይዞራል፣ የሠራነውም ተጣሞ ይወጣል። ፈትተን እንደገና ሠራን። ግን ጣት አይረሳም። ጭንቅላታችን «እንዴት ነበር?» እያለ ሲጨነቅ ጣታችን ቀድሞ ያልፍ ነበር።

የእጅ ሥራ መድኃኒት ነው አንላችሁም። ቁስሉን ያዳነው ሐኪሙ፣ መድኃኒቱና ጊዜው ነው። የእጅ ሥራው ያደረገልን ሌላ ነው። ቀኑ መለኪያ አገኘ፤ «ዛሬ ሁለት ዙር ጨምሬአለሁ» ማለት ቻልን። ጠያቂ ሲመጣም ከቁስላችን ሌላ የምናሳየው ነገር ኖረን። «እንዴት አደርሽ፣ ያምሻል?» የሚለው ጨዋታ «ይሄ ቀለም አይሻልም?» ወደሚለው ዞረ። ታማሚ ሆነን የቆየን ሴቶች ለግማሽ ሰዓት ባለሙያ ሆንን።

ይህ የእኛ የሦስታችን ግኝት አይደለም። በከተማችን የቆየ ምሳሌ አለው። ዶክተር ካትሪን ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ሬጂናልድ ከአውስትራሊያ ወደ አዲስ አበባ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1959 ነው። እ.ኤ.አ. በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን መሠረቱ። በወሊድ ምክንያት የተጎዱ እጅግ ብዙ ሴቶች በዚያ ታክመዋል። ታካሚዎቹ ባለ ብዙ ቀለም የሹራብ ሻል ለብሰው ግቢው ውስጥ ሲሄዱ በፎቶግራፍ ያላየ ጥቂት ነው። እዚያ ሴቲቱ እስክታገግም ድረስ ተኝታ ብቻ አትጠብቅም። የእጅ ሥራ ትማራለች፣ ፊደል ትቆጥራለች። ወደ አገሯ ስትመለስም አዲስ ቀሚስ ለብሳ ነው።

ከእነዚያ ታካሚዎች አንዷ ማሚቱ ጋሼ ናቸው። ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ሳሉ፣ ሆስፒታሉ ከመከፈቱም በፊት፣ በእነዚሁ ሐኪሞች እጅ ታከሙ። ከዚያ አልጋ እያነጠፉ ማገዝ ጀመሩ። ቀጥሎ ቀዶ ሕክምና ክፍል ገብተው መሣሪያ አቀበሉ፤ በመጨረሻም ራሳቸው የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና የሚሠሩ ሆኑ። እ.ኤ.አ. በ1989 ለንደን የሚገኘው የንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ በሜዳልያ አክብሯቸዋል። ሁላችንም ማሚቱ አንሆንም። ነገር ግን የእሳቸው ታሪክ የሚነግረን፣ አልጋ ላይ ያለችው ሴት እጅ እንዳላት ያየ ሰው መኖሩን ነው።

በውጭው ዓለምም ይኸው ነው። ሜክሲኳዊቷ ፍሪዳ ካሎ እ.ኤ.አ. በ1925 በአውቶቡስ አደጋ ክፉኛ ተጎድታ ስትተኛ፣ እናቷ አልጋ ላይ ሆና የምትሥልበት ማቆሚያ አሠሩላት። ፈረንሳዊው ሠዓሊ ማቲስ እ.ኤ.አ. በ1941 ከባድ የሆድ ቀዶ ሕክምና ካደረገ በኋላ እንደ ቀድሞው ቆሞ መሣል አቃተው። በመቀስ ባለቀለም ወረቀት እየቆረጠ መሥራት ያዘ፤ ዛሬ በዚያ ሥራው ይደነቃል። እናቲቱ ማቆሚያውን ስታሠራ በየትኛው መደብ እንደመዘገበችው የጠየቃት የለም።

አሁን ደግሞ ያጠፋነውን እንናገር። እናታችን በራሷ ገንዘብ ስንደዶ አስገዝታ የመጀመሪያዋን ሙዳይ ጨረሰች። ሁላችንም ደስ አለን። ደስታችንን ግን የገለጽነው እንደ ማኅበር ነው። ፎቶ አነሣናት፣ ዋጋ ተመንን፣ «ለበዓሉ ባዛር አሥር አድርሺልን» አልናት። በሪፖርታችን ላይም ሥራዋን «ገቢ ማስገኛ» ከሚለው ሥር ጻፍነው። እሷም እምቢ ማለት አፈረች። ሌሊት ሳይቀር ተቀምጣ ሰፋች። ቁስሏ እንደገና አመማት። ሦስተኛዋን ሳትጨርስ ወስፌውን አስቀመጠችው፤ ለወራትም አልነካችውም። ስንጠይቃት «የኔ ነበረ፣ ወሰዳችሁት» አለችን። መልስ አልነበረንም።

የተከበራችሁ ደጋፊዎቻችን፣ ይህን ፊት ለፊታችሁ የምንናገረው ስለምናከብራችሁ ነው። በያንዳንዱ ወጪ ፊት «ምን ገቢ አስገኘ?» ብለን መጻፍ ለምደናል። ለንግድ የሚሠራ እጅ አለ፣ እሱን በርቱበት። የሚያገግም እጅ ግን ሌላ ነው። ገቢ ያላመጣ ወጪ ሁሉ ኪሳራ አይደለም። ይህን የምትላችሁ ሒሳብ ሠራተኛ ናት።

ስለዚህ የምንጠይቀው ይህን ነው። በእርዳታ መደቡ ውስጥ «የማገገሚያ ዕቃ» የሚል አንድ መስመር ይግባ። ብዙ ገንዘብ አይደለም፤ ለሦስታችን ያወጣነው ሁሉ ተደምሮ ከአንድ የኮንትራት ታክሲ ደርሶ መልስ አይበልጥም። ኮሚቴው ሊጠይቅ ሲሄድ «ምን ይጨመርልሽ?» ከሚለው ጋር «በፊት በእጅሽ ምን ትሠሪ ነበር?» ይበል። ስፌትም ይሁን ሹራብ፣ ፈትልም ይሁን ሥዕል፣ የምትመርጠው እሷ ናት። አልሠራም ካለችም መብቷ ነው።

ከዚህ ጋር ሦስት ደንብ እንዲያዝልን እንፈልጋለን። አንደኛ፣ ሐኪሟ ሳይፈቅድ አይጀመር፤ በተለይ ጡቷንና ብብቷን የታከመች ሴት ክንዷን ስለምታሠራበት መንገድ አስቀድማ ትጠይቅ። ስትጀምርም ጥቂት ሠርታ ትነሣና ወዲያ ወዲህ ትበል። ሁለተኛ፣ ባለቤቷ ራሷ እስክትል ድረስ ማንም ዋጋ አይጥራ፣ ፎቶም አያንሣ። ሦስተኛ፣ እንጀራዋንና ውኃዋን በተራ እናድርስላት። እጇ ለራሷ የሚሠራው የቤቱን ሥራ የሚይዝላት ሲኖር ነው። ስንደዶ ልከን ሊጡን ለሷ ከተውን ሥራ ጨመርንባት እንጂ አላገዝናትም።

በመጨረሻ፣ እናታችን ወደ ስፌቷ ተመልሳለች። ከፊት ረድፍ የተቀመጠው መሶብ የእሷ ነው። ክዳኑ ገና አላለቀም። አራተኛው ዙር ላይ ቀዩ በመሐል ወደ አረንጓዴ ይለወጣል፤ ይሄኛው ግን ሆን ተብሎ ነው። ከስብሰባው በኋላ ቀርባችሁ እዩት። ዋጋውን ብቻ እንዳትጠይቋት።