ስለ ቤንዚን ሽታና ስለ ዕቃ ቤታችን ጀሪካን
(በዕድራችን ዓመታዊ ጠቅላላ ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ብዙ የተማርኩ ሰው አለመሆኔን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ከ6ኛ ክፍል ወጥቼ፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት መዝገብ ስጽፍ ኖሬ ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ስለዚህ ስለ ኬሚካል ልናገር ብዬ ስነሣ «ይኼ ሽማግሌ ደግሞ ምን ነካው?» የሚል አይጠፋም። ነገር ግን ጉዳዩ በገዛ ዕቃ ቤታችን ውስጥ የተቀመጠ ነውና ዝም ማለት አልቻልኩም። ጽሑፉን እየፈለገች ያነበበችልኝ በጤና ሙያ የተማረችው ልጄ ናት። ያልገባኝን ሁለት ሦስት ጊዜ አስረድታኛለች፤ ተሳስቼ ከሆነ ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሷ አይደለም።

እንደምታውቁት ለለቅሶ ድንኳን መብራት እንዲሆን ጄኔሬተር ከገዛን ወዲህ፣ 20 ሊትር የሚይዝ የቤንዚን ጀሪካን ከወንበሩ፣ ከድስቱና ከድንኳኑ ጋር አብሮ ይቀመጣል። ዕቃ ቤቱን ከዕቃ ጠባቂያችን መኝታ ክፍል የሚለየው አንድ የጭቃ ግድግዳ ነው፤ እሱም እስከ ጣራው አልደረሰም። እትዬ ከልጅ ልጃቸው ጋር እዚያ ያድራሉ። ሆሳዕና ደጋ ነው፤ ማታ ማታ መስኮት ከፍቶ የሚተኛ የለም። ባለፈው ክረምት እትዬ «ጠዋት ስነሣ ራሴን ያዞረኛል» ሲሉኝ፣ «ብርድ ይሆናል እትዬ፣ ጋቢ ደርቡበት» ብዬ ያለፍኩት እኔ ነኝ። ልጄ ስትሰማ ግን መጀመሪያ የጠየቀችው ጀሪካኑ የት እንዳለ ነው።

እንግዲህ ከስሙ ልጀምር። እኛ ቤንዚን የምንለው መኪናው፣ ባጃጁና ሞተር ብስክሌቱ የሚጠጣውን ነው። በውስጡ ብዙ ዓይነት ነገር ተደባልቆ ይገኛል። ከእነዚያ አንዱን የኬሚስትሪ ሰዎችም በበኩላቸው ቤንዚን ይሉታል። ሁለቱን እንዳላምታታባችሁ፣ ይህን ሁለተኛውን በቀድሞው የፈረንጅ ስሙ ቤንዞል እያልኩ እጠራዋለሁ። መጀመሪያ ለይቶ ያወጣው በፈረንጆች አቆጣጠር በ1825 ማይክል ፋራዴይ የሚባል እንግሊዛዊ ነው። ስሙ የተወሰደው እንደ ዕጣን ከሚጨስ የሩቅ ምሥራቅ ሙጫ መሆኑን ስሰማ ገረመኝ። ሽታው ጣፈጥ ይላል፤ የሚያታልለውም እሱ ነው። የቤንዚን ሽታ ደስ የሚላቸው ሰዎች አሉ። በወጣትነቴ እኔም ከእነሱ አንዱ ነበርኩ።

ቤንዞል ቶሎ ይተናል፣ ተኑም አይታይም። ከአየር ከሁለት እጥፍ በላይ ስለሚከብድ ከጀሪካኑ አፍ ሲወጣ ወደ ላይ አይሄድም፤ ወለል ለወለል ይሄዳል። ወለል ላይ ደግሞ ማን እንደሚተኛና ማን እንደሚድህ ታውቃላችሁ።

በሳንባ ገብቶ ከደም ጋር ይዞራል። ጉበት ላስወግደው ብሎ ሲለውጠው፣ ከለውጡ የሚወጣው ነገር በአጥንት ውስጥ ያለውን መቅን ይጎዳል። መቅን የደም ፋብሪካ ነው፤ ቀዩንም፣ ነጩንም፣ ደም የሚያረጋውንም የሚሠራው እሱ ነው። ቀዩ ሲያንስ ሰው ይገረጣል፣ ዳገት ያቅተዋል። ነጩ ሲያንስ ትንሹ በሽታ ሁሉ ይጥለዋል። የሚያረጋው ሲያንስ ድድ ይደማል፣ ሳይመታ ገላው ይበልዛል። ሲብስም የደም ካንሰር ይሆናል። የዓለም የጤና ድርጅት የካንሰር ምርምር ክፍል ቤንዞልን ያስቀመጠው በሰው ላይ ካንሰር ማምጣታቸው በተረጋገጠ ነገሮች ምድብ፣ በአንደኛው ውስጥ ነው። ድርጅቱ «ከዚህ በታች ቢሆን ችግር የለውም» የሚባል ልክ የለውም ይላል።

ይህ የተገኘው በመላ ምት አይደለም። በቱርክ አገር በኢስታንቡል ከተማ ጫማ ሠሪዎች ቤንዞል ባለበት ማጣበቂያ፣ እኛ ማስቲሽ እንደምንለው ባለ ነገር፣ በጠባብ ክፍል ሲሠሩ ኖሩ። ሙዛፈር አክሶይ የሚባል ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር በፈረንጆች 1974 ባወጣው ጽሑፍ፣ ከ28,500 ጫማ ሠሪዎች መካከል 26ቱ በዚህ ዓይነት የደም በሽታ መያዛቸውን ቆጥሮ አሳየ። ቁጥሩ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ከሌላው ሕዝብ ጋር ሲተያይ ሁለት እጥፍ ያህል ነበር። ማጣበቂያው ሲቀየር በሽተኛው እየቀነሰ መጣ። እኔን ከሁሉ ይበልጥ የነካኝ ይህ የመጨረሻው ነው። ነገሩ ከቤት ሲወጣ በሽታውም አብሮ ይቀንሳል ማለት ነው።

አንድ ነገር ልንገራችሁ። እኔ በሥራ ላይ ሳለሁ ነዳጅ በኩፖን ይታደል ነበር። ኩፖኑን የምመዘግበው እኔ፣ ነዳጁን የሚቀዳው አንድ ጓደኛዬ ነበር። በርሜሉ ፓምፕ አልነበረውም። ጎማ ከትቶ በአፉ እየሳበ ነበር የሚያወርደው፤ አንዳንዴ አፉ ይሞላና ይተፋዋል፣ እኛም እንስቃለን። ማታ የእጁን ግራሶ በቤንዚን ይታጠባል። እኔም የካርቦን ወረቀት ቀለም ከጣቴ እንዲለቅ ከእሱ እየተቀበልኩ ስታጠብ ኖሬአለሁ። ከጊዜ በኋላ ጓደኛዬ ገረጣ፣ ድዱ መድማት ጀመረ፤ ሐኪሞቹ ደሙ አልቋል አሉ። የቀበረው ዕድር ነው፤ ድንኳኑን ከተከሉት አንዱ እኔ ነበርኩ። ገዳዩ ቤንዞል ነው ብዬ አልፈርድም፤ እንዲህ ያለ በሽታ በሌላም ምክንያት ይመጣል። ነገር ግን ያንን ጎማ ባሰብኩ ቁጥር የሳቅነው ሳቅ ይቆጨኛል።

አሁን ደግሞ እንደ ጸሐፊ ሒሳብ ላስላላችሁ። አንድ የሻይ ማንኪያ ቤንዚን ወደ 4 ግራም ይመዝናል። ከመቶ አንድ እጁ ብቻ ቤንዞል ነው ብለን እንነሣ፤ የአውሮፓ ሕግ ከዚህ በላይ አይፈቅድም። ስለዚህ በማንኪያው ውስጥ ያለው 40 ሚሊ ግራም፣ ማለትም 40,000 ማይክሮ ግራም ነው። ማይክሮ ግራም የግራም አንድ ሚሊዮንኛ ነው። ርዝመቱና ወርዱ 4 ሜትር፣ ከፍታው 2 ሜትር ተኩል የሆነ ክፍል 40 ሜትር ኩብ አየር ይይዛል። ያ ማንኪያ ቤንዚን በዝግ ክፍል ተኖ ቢያልቅ በእያንዳንዱ ሜትር ኩብ 1,000 ማይክሮ ግራም ቤንዞል ይደርሳል። የአውሮፓ ማኅበር በፈረንጆች ከ2010 ጀምሮ ለከተማ አየር የወሰነው የዓመት አማካይ 5 ነው፤ በ2024 ባወጣው ሕግ ደግሞ ከ2030 ጀምሮ ወደ 3.4 ዝቅ እንዲል ወስኗል። 1,000ን ለ5 ስታካፍሉት 200 ነው። እርግጥ የእኛ ቁጥር የአንድ ሌሊት፣ የእነሱ የዓመት ነው፤ ቤትም ቀዳዳ አያጣም። ሆኖም የዘይት ጀሪካን መክደኛው በደንብ አይገጥምም፤ ፕላስቲኩ ራሱ ተን ያሳልፋል፤ ቀን ሲሞቅ ይነፋል፣ ማታ ይሟሽሻል። ስለዚህ ነገሩ የአንድ ማንኪያ ሳይሆን የየዕለቱ ነው። ሻማ ወይም ኩራዝ ሲጨመርበት ምን እንደሚሆን ለእናንተ መንገር አያስፈልገኝም።

አሁን ወደሚከብደው ልምጣ። ማደያ ላይ ቤንዚን ሲጠፋ በሃይላንድ ተሞልቶ በመንገድ ዳር ይሸጣል። ከሆሳዕና እስከ ዱራሜ፣ እስከ ሺንሺቾ የሄደ ሰው አይቶታል። ከሻጮቹ መካከል የእኛ ልጆች አሉ፤ ባጃጅ ነጂዎቹም ልጆቻችን ናቸው። የእኔም ልጅ ባጃጅ ይነዳል። እጥረት በነበረ ጊዜ ሁለት ጀሪካን በእኔ አልጋ ሥር አድሯል፤ የፈቀድኩለት እኔ ነኝ። ባለቤቴ «ጉሮሮዬን ያቃጥለኛል» እያለች ስትነዘንዘኝ «ሽታ አይገድልም» እላት ነበር።

ከአባሎቻችን አንዳንዶች «በቤቱ ቤንዚን የሚሸጥ አባል ይቀጣ» የሚል ሐሳብ አቅርበዋል። በበኩሌ አልስማማም። ሕግ አስቀድሞ ከልክሎታል፤ ስለተከለከለም ነው ከደጅ ተነሥቶ አልጋ ሥር የገባው። እኛ ደግሞ ቅጣት ስንጨምርበት ጀሪካኑ ከአልጋው ሥር ወደ ቁም ሣጥን ይገባል እንጂ ከቤት አይወጣም። በሐዲያም በከምባታም አባቶቻችን ሴራ ሲሉ መረዳዳትና መተራረም ማለታቸው ነው። (በአማርኛ ቃሉ ተንኮል መሆኑ እስከ ዛሬ ያስቀኛል።) ስለዚህ ልጆቹን ጠርተን፣ ሌላ ሥራ እስኪያገኙ ድረስ ቢያንስ እናቶቻቸውና ሕፃናቱ በሚተኙበት እንዳያስቀምጡ፣ በአፍ እንዳይስቡ፣ ልብሳቸው ላይ ሲፈስ ቶሎ እንዲቀይሩ እንንገራቸው። በእጅ የሚጨመቅ የፕላስቲክ መሳቢያ በሱቅ ይሸጣል፤ ለጄኔሬተራችንም አንድ ይገዛ።

እዚህ ላይ እትዬ አንዷ «እኛስ ዕድሜ ልካችንን ጭስ ውስጥ አይደለም ወይ የምንውለው?» ብለው ጠይቀውኝ ነበር። ልክ ናቸው። በእንጨት ጭስም ውስጥ ቤንዞል አለ፤ በሲጋራ ጭስም አለ፤ ጭስ ደግሞ ሌላም ብዙ ጣጣ አለው። በለቅሶ ጊዜ ወንዶቹ ድንኳን ውስጥ ካርታ ስንጫወት፣ ሴቶቹ ከጀርባ በላስቲክ በተጋረደች ጠባብ ቦታ እሳት ላይ ናቸው። የጄኔሬተሩም ጭስ ወደ እነሱ ነው የሚነፍሰው፤ ምክንያቱም ድምፁ እንዳይረብሸን ብለን ከኋላ እናቆመዋለን። ይህን በዓይናችን እያየን ዓመታት አልፈዋል። የማብሰያው ላስቲክ ከሁለት በኩል ይከፈት፤ ጄኔሬተሩም ነፋሱ ታይቶ ከሰው ቢያንስ 20 እርምጃ ይራቅ። ረጅም ገመድ መግዛት ነው እንጂ ሌላ ወጪ የለውም።

ለጀሪካኑ የማቀርበው ሐሳብ ይህ ነው። ከዕቃ ቤቱ ወጥቶ በግቢው ታችኛ ጥግ፣ ከማንም ግድግዳ በራቀ ቦታ፣ ከላይም ከታችም አየር የሚያስገባ ባለ ቁልፍ የቆርቆሮ ሣጥን ይሠራለት። ቤንዚኑም ለለቅሶ በሚያስፈልገን ልክ ብቻ ይገዛ፤ 20 ሊትር ሙሉ ዓመቱን ማስቀመጥ ልማድ ሆኖብን እንጂ አስፈልጎን አይደለም። አንድ አሮጌ ቆርቆሮና ሁለት ማጠፊያ እኔ አለኝ፤ ምስማሩንና የአናጢውን ዋጋ ጉባኤው ቢፈቅድ ገንዘብ ያዡ ያውጣ። እስከዚያ ድረስ ጀሪካኑን ከትናንት ወዲያ ከዳኛው ጋር ተነጋግረን አውጥተነዋል። አሁን በእኔ ጓሮ፣ ከእንሰቱ ማዶ፣ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ነው ያለው። ለቅሶ ከደረሰ በማንኛውም ሰዓት በሩን አንኳኩ፤ ቁልፉ ከባለቤቴ ዘንድ ነው።