«ኮሌጅ ገባች» ሲሉን ምን እንጠይቅ?

በማኅበራችን ወርሃዊ ስብሰባ ላይ አንዲት አባል ያደረጉት ንግግር



ዛሬ እንድናገር የተጠየቅሁት ስለ ልጆቻችን ትምህርት ነው። እኔ ግን ስለ አንድ ቃል ብቻ ልናገር። ቃሉ «ኮሌጅ» ነው። ሁላችንም የምናውቀው ይመስለናል። እኔም የማውቀው መስሎኝ የዕቁብ ገንዘቤን ከፍዬበታለሁ።

ነገሩ እንዲህ ነው። ከጥቂት ዓመታት በፊት ሁለተኛዋ ልጄ 12ኛ ክፍል ጨርሳ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ሳይደርሳት ቀረ። ስታለቅስ ሰነበተች። አንዲት ጎረቤት በአካውንቲንግ ዲግሪ ይሰጣል የተባለ ኮሌጅ ነገረችን። ሄጄ አየሁት። ታፔላው ትልቅ ነው፤ «ኮሌጅ» ይላል። ልቤ አረፈ። ለቤቴ ጣሪያ ያሰብኩት ዕቁብ በዚያው ሰሞን ደረሰኝና ለመመዝገቢያና ለትምህርት ከፈልኩ። ቡና አፍልቼ ጎረቤት ጠራሁ። ሁሉም «እንኳን ደስ ያለሽ፣ ልጅሽ ኮሌጅ ገባች» አለኝ።

ዓመቱ ሊያልቅ ሲል ልጄ ለሥራ ማመልከቻ የሚሆን ወረቀት ጠየቀች። ያን ጊዜ ነገሩ ወጣ። ቤቱ ፈቃድ ያለው ለደረጃ ሥልጠና እንጂ ለዲግሪ አልነበረም። ገንዘቡም አልተመለሰ፣ የልጄም ዓመት አልተመለሰ። ጥፋቱ የእነሱ ነው። ቢሆንም እኔ ታፔላውን አይቼ አንድም ጥያቄ ሳልጠይቅ መክፈሌ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ከዚያ በኋላ ይህን ቃል መመርመር ያዝኩ። መነሻው ላቲን ነው፤ ጥንት ለአንድ ዓላማ የተሰባሰቡ ሰዎች ማኅበር ማለት ነበር። በዚያ ትርጉም ከሄድን እኛም እዚህ የተቀመጥነው ሴቶች ኮሌጅ ነን!

ዛሬ ግን ቃሉ እንደየአገሩ ነው። በእንግሊዝ አገር የ16 ዓመት ልጅ «ኮሌጅ እሄዳለሁ» ቢል ገና ዩኒቨርሲቲ አልገባም። እዚያው አገር ኢተን ኮሌጅ የሚባለው ስመ ጥር ቤት የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ነው። የኦክስፎርድ ኮሌጆች ደግሞ የዩኒቨርሲቲው አካላት ናቸው። በአሜሪካ ሰው «ልጄ ኮሌጅ ገባ» ሲል ብዙውን ጊዜ ዲግሪ መማር ጀመረ ማለቱ ነው፤ ዩኒቨርሲቲ የገባውንም እንዲሁ ይሉታል። ኮሙኒቲ ኮሌጅ የሚሉት ደግሞ በአብዛኛው የሁለት ዓመት ትምህርት የሚሰጥበት ነው።

በእኛም አገር ቃሉ ትልቅ ታሪክ አለው። ዛሬ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የምንለው በ1943 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነበር፤ ወደ ዩኒቨርሲቲ ያደገው በ1954 ዓ.ም. ነው። ወላጆቻችን ኮሌጅ ሲባል የሚታያቸው ያ ክብር ነው። አሁን ግን የመምህራን ኮሌጅ አለ፣ የጤና ኮሌጅ አለ፣ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ አለ፣ ዲግሪ የሚሰጥ የግል ኮሌጅ አለ። በዩኒቨርሲቲ ውስጥም ትምህርት ክፍሎች በኮሌጅ ይመደባሉ። እንግዲህ ታፔላው ብቻውን ምን ይነግረናል?

ይህ ነገር ለጋሾቻችንንም ይመለከታል። የሪፖርት ቅጻችን «ኮሌጅ የገቡ ልጆች ብዛት» ብሎ ይጠይቃል። እኛም ቁጥር እንጽፋለን። የአራት ዓመት ዲግሪ የጀመረችውም፣ የደረጃ ሁለት ሠልጣኟም አንድ ላይ ይቆጠራሉ። ውጭ አገር ሆኖ የሚያነበው ሰው ሁሉም ዲግሪ የያዙ ይመስለዋል። ማንም አልዋሸም፤ ግን እውነቱ አልደረሰም። ስለዚህ ቅጹ ምን ዓይነት ትምህርት እንደሆነ ለይቶ እንዲጠይቅ እለምናለሁ።

ለእኛ ለእናቶች ደግሞ ሦስት ጥያቄዎች ይበቁናል።

አንደኛ፣ ልጄ ስትጨርስ የምትይዘው ወረቀት ምንድን ነው? የአጭር ሥልጠና፣ የደረጃ ወይስ የዲግሪ?

ሁለተኛ፣ ፈቃዱ ለዚህ ትምህርት፣ ለዚህ ግቢ፣ ለዚህ አሰጣጥ ነው? በመደበኛ የተፈቀደ በርቀት ተፈቅዷል ማለት አይደለም። አንዱ ቅርንጫፍ ፈቃድ አለው ማለት ሌላውም አለው ማለት አይደለም። ለዲግሪ የሚጠየቀው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ግድግዳ ላይ የተሰቀለው ወረቀት አይብቃን።

ሦስተኛ፣ መጨረሻ ላይ ያለው ፈተና ምንድን ነው? ከ2015 ዓ.ም. ወዲህ ዲግሪ የሚማሩ ተማሪዎች፣ የግሎቹም ጭምር፣ የመውጫ ፈተና ይወስዳሉ። ለደረጃ ደግሞ ሲኦሲ የምንለው የብቃት ምዘና አለ። ቤቱ ልጄን ለዚያ ያዘጋጃታል ወይ?

ከብድር ሣጥናችን ለትምህርት የምትበደር እናት ከመክፈሏ በፊት ሁለት አባላት አብረዋት ሄደው እነዚህን ይጠይቁ። ብቻዬን ስሄድ አፍሬ ነበር፤ ሦስት ሆኖ መጠየቅ ግን አያሳፍርም። ማኅበርም ለዚህ ነው።

ልጄን ለምትጠይቁኝ፣ በኋላ ሌላ ቤት ገብታ የደረጃ ሥልጠና ወሰደች፤ ምዘናውንም አለፈች። ዛሬ የአንድ ሱቅ ሒሳብ ትይዛለች። መጀመሪያ «ደረጃ ነው የምትማረው» ማለት አፍር ነበር፤ «ኮሌጅ ናት» ብዬ አልፈው ነበር። አሁን አላፍርም። ያጣነው ዓመት ያመጣው የትምህርቱ ማነስ ሳይሆን ስሙን ሰምተን ምንነቱን አለመጠየቃችን ነው።