መድኃኒትና ዋጋው
(ለተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ የተደረገ ንግግር)



ለሕመምተኛ የሚሰጠውን መድኃኒት የሚመርጠው ሐኪሙ ነው ይባላል። ነገር ግን ሐኪሙ ብዕሩን ሳያነሣ፥ ኩባንያው የቆረጠው ዋጋ ነገሩን ጨርሶት ይገኛል።

ስታቩዲን የተባለውን የኤች አይ ቪ መድኃኒት እንመልከት። ለዚህ በሽታ እንደሚጠቅም ያገኙት በአሜሪካ የዬል ዩኒቨርሲቲ ሊቃውንት ናቸው፤ ዩኒቨርሲቲውም የመሸጡን ፈቃድ ለብሪስቶል ማየርስ ስኩዊብ ኩባንያ ሰጠ። በ2000 እ.ኤ.አ. ገደማ የሦስት መድኃኒት ሕክምና በሀብታም አገሮች ለአንድ ሰው በዓመት 10,000 ዶላር ያህል ያስወጣ ነበር። በ2001 መጀመሪያ ሲፕላ የተባለ የሕንድ ኩባንያ፥ ስታቩዲን ያለበትን የሦስት መድኃኒት ሕክምና ለድንበር የለሽ ሐኪሞች በ350 ዶላር አቀርባለሁ አለ። መድኃኒቱ ያው ነው! በዚያው ወራት 39 ኩባንያዎች ርካሽ መድኃኒት ለማስገባት የሚያስችለውን ሕግ ተቃውመው፥ የደቡብ አፍሪካን መንግሥት በፕሪቶሪያ ከስሰው ይሟገቱ ነበር።

የዬል ተማሪዎች ዝም አላሉም። ዩኒቨርሲቲያቸው መብቱን እንዲያላላ ፊርማ አሰባስበው ጠየቁ፤ ከመድኃኒቱ አግኝዎች አንዱ ፕሮፌሰር ዊልያም ፕሩሶፍም ደገፏቸው። በማርች ወር ኩባንያው መብቱን በደቡብ አፍሪካ እንደማያስከብር ገለጸ፤ በኤፕሪልም 39ኙ ክሳቸውን ተዉ። (ስታቩዲን ነርቭ የሚጎዳ ሆኖ በመገኘቱ በ2009 የዓለም ጤና ድርጅት በሌላ እንዲተካ መክሯል፤ ይህ ግን የዋጋውን ነገር አያስተባብልም።)

ስለዚህ ማኅበራችን ለዩኒቨርሲቲው አስተዳደር አንድ ጥያቄ እንዲያቀርብ አሳስባለሁ፤ ይኸውም ከቤተ ሙከራችን የሚወጣ ማናቸውም መድኃኒት ለኩባንያ ሲሰጥ፥ በድኃ አገር በስንት እንደሚሸጥ አስቀድሞ በውሉ ይጻፍ።