የባሕር ዓሣና የጉማራ ዓሣ
(በተማሪዎች ማኅበር ስብሰባ ላይ የተደረገ ንግግር)



ከወገዳ የመጣ ተማሪ ስለ ባሕር ዓሣ ሊናገር ቆመ ብላችሁ እንዳትስቁብኝ አደራ እላለሁ።

ግሩፐር የሚባለው ዓሣ በቀይ ባሕር፥ በምጽዋና በዳህላክ አካባቢ ጭምር የሚኖር፥ አፈ ሰፊና ሌሎችን ዓሦች እየዋጠ የሚያድር አዳኝ ነው። ከወገኑ ብዙዎቹ ሴት ሆነው ጀምረው፥ ዕድሜያቸው ሲገፋ ወንድ ይሆናሉ። ይህ ቢያስደንቅም ለጉዳዬ የሚጠቅመኝ ሌላው ጠባዩ ነው። በካሪቢያን ባሕር ያለው ናሳው ግሩፐር ዓመቱን ተበታትኖ ኖሮ፥ በብርዱ ወራት ጨረቃ ስትሞላ በታወቀ ስፍራ በሺህ እየሆነ ተሰብስቦ ይራባል። አጥማጆች ስፍራውንና ጨረቃዋን ካወቁ በኋላ ብዙዎቹ የመራቢያ ቦታዎች ባዶ ቀርተዋል።

ወደ አገራችን እንመለስ። በጣና ግሩፐር የለም፤ የዓባይ ታላቅ አዳኝ ናይል ፐርችም የጢስ ዓባይን ፏፏቴ ሽቅብ ሊያልፍ አልቻለም። ቦታው ግን ባዶ አልቀረም። መንጋጋው ጥርስ የሌለው የባርበስ ወገን 15 ያህል ዓይነት ሆኖ ተከፋፈለ፤ 8ቱም ዓሣ በል ሆኑ። በጥርስ አልባ አፍ ማደን! ይህን የመሰለ ነገር በዓለም ላይ ብርቅ ነው።

ከእነዚህ ቢያንስ 7ቱ በነሐሴና በመስከረም ወደ ወንዝ ወጥተው፥ ንጹሕ ውሃ በሚወርድበት ጠጠር ላይ ዕንቁላላቸውን ይጥላሉ። የእኛ የስማዳ ውሃ ከፏፏቴው በታች ዓባይ ስለሚገባ ጣናን አያውቅም፤ የእስቴ ጎረቤቶቻችን ግን ከጉና የሚወርደውን ጉማራን ይጋራሉ። ዓሦቹ ወደ ወንዙ ለመግባት አፉ ላይ ሲሰበሰቡ መረብ ይጠብቃቸዋል፤ ወንዙ ውስጥ ደግሞ የብርብራ ፍሬ መርዝ አለ። በሞተር ጀልባና በመረብ ለገበያ ማጥመድ የተጀመረው እ.ኤ.አ. በ1986 ነው። ከ1991 እስከ 2001 ባለው ጊዜ ውስጥ የባርበስ ክብደት በመረብ ሲመዘን 75 ከመቶ ያህል ቀነሰ፤ የጫጩቶቹ ቍጥርማ 90 ከመቶ።

ጥፋቱን ሁሉ በታንኳ አጥማጁ ላይ መጫን ግን ፍርደ ገምድልነት ይመስለኛል። ከወንዙ አሸዋ የሚዝቀውስ? በ1995 ዓ.ም. የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም አዋጅ ቍጥር 315 ወጥቷል። እኔ የምለው፥ የወንዞቹ አፍ በእነዚያ ሁለት ወራት ይዘጋ ነው። አጥማጁ ምን ይብላ ለሚለኝ፥ ቀረሶ ወንዝ ሳይወጣ እዚያው በሐይቁ ዳር ይራባልና ከወንዝ አፍ ርቆ እርሱን ያጥምድ።