ጠይብ፦ ሙያ ስድብ ሲሆን

ቀጥቃጭ ብረት የሚቀጠቅጥ፣ ፋቂ ቆዳ የሚፍቅ ሰው ነው። «ጠይብ» ደግሞ ከግእዙ «ጠቢብ» ጋር ይዛመዳል፤ ጥበበኛን የሚጠራ ቃል ነው። ታዲያ እነዚህ ቃላት እንዴት ስድብ ሆኑ?

ቃላቱን ያበላሸው ንቀታችን ነው። ማረሻችንን የሚሠራልንን፣ እንጀራ የምንጋግርበትን ምጣድ የምታበጅልንን ሰው ከጋብቻ አገለልን፤ «ቡዳ» ብለን ፈራን። ስድቡ ይህን መገለል በአንዲት ቃል ያድሰዋል፤ የሚያመውም ለዚህ ነው።

ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ሠራተኛን በሙያው መስደብን ከለከሉ። ገበሬውን «አፈር ገፊ»፣ ነጋዴውን «መጫኛ ነካሽ» ማለትም አብሮ ተከለከለ። ከመቶ ዓመት በላይ አለፈ። ዛሬም ግን በአንዳንድ ቦታ ሽማግሌ ሲላክ «ዘሩ ምንድን ነው?» ይባላል፤ መልሱም በሹክሹክታ ይነገራል።