ንድፍ የሌላቸው ዕቃዎች
በአዊ ምድር ስለሚገኙ የቤትና የእርሻ መሣሪያዎች የተደረገ ንግግር



በከተሞቻችን ማለዳ ከሚሰሙት ድምፆች አንዱ «ቆራሌው!» የሚለው የአሮጌ ዕቃ ሰብሳቢ ጥሪ ነው። የተበላ ማረሻ፣ ጥርሱ ያለቀ ማጭድ፣ እጀታው የወለቀ መጥረቢያ ከጓዳና ከጣሪያ ሥር እየወጣ በሚዛን ይሸጣል። ሚዛኑ የብረቱን ክብደት ይናገራል እንጂ ብረቱን ማን እንደ ቀጠቀጠው፣ በምን ዓይነት መሬት ላይ እንዳረሰ፣ ስንት ጊዜ ወደ እሳት ተመልሶ እንደ ተሳለ አይናገርም። የሚሸጠው ሰው ጥፋት የለበትም፤ ለማያገለግል ዕቃ ገንዘብ ከተገኘ መሸጡ ተገቢ ነው። ጥያቄው ዕቃው ከመሄዱ በፊት ምን ሊመዘገብ ይገባ ነበር የሚለው ነው።

ይህ ጥያቄ በሌላም አገር ተነሥቷል። እ.ኤ.አ. በ1897 ሄንሪ መርሰር የተባለ አሜሪካዊ የከርሰ ምድር ቅርስ ተመራማሪ በፔንስልቬንያ ወደ አንድ የአሮጌ ዕቃ ነጋዴ ዘንድ ይሄዳል። የሚፈልገው የእሳት ጉጠት ነበር። ያገኘው ግን ፋብሪካ ከሥራ ውጭ ያደረጋቸውን የእርሻ፣ የፈትልና የእንጨት ሥራ መሣሪያዎች ክምር ነው። አያቶቹ በየቀኑ የያዟቸው ዕቃዎች በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ቁርጥራጭ መሆናቸውን ባየ ጊዜ መሰብሰብ ጀመረ፤ ለስብስቡም በዶይልስታውን ከተማ እ.ኤ.አ. በ1916 የተፈጸመ የኮንክሪት ሕንፃ አሠራለት። ሕንፃው ዛሬም ቤተ መዘክር ሆኖ ያገለግላል። አሜሪካውያን ይህን ያደረጉት መሣሪያው ከእጃቸው ከወጣ በኋላ ነው። በአዊ ምድር ግን አብዛኛው መሣሪያ ገና ከሰው እጅ አልወጣም፤ የወጣውንም ቢሆን የሠሩበት ሰዎች በሕይወት አሉ።

ለመሐንዲስ ዓይን ከሁሉ አስቀድሞ የሚታየው ሞፈርና ቀንበር ነው። ከማረሻውና ማረሻውን ከሚይዘው ወገል በቀር ብረት የለበትም፤ ሞፈሩ፣ እርፉና ሁለቱ ድግሮች እንጨት ናቸው። ሞፈሩን ከቀንበሩ ጋር የሚያያይዘው ምራን ከቆዳ የተሠራ ተጣጣፊ መጋጠሚያ በመሆኑ፣ አንዱ በሬ ከሌላው ጥቂት ቢቀድም ወይም መሬቱ ቢያዘነብል ሞፈሩ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ይወዛወዛል እንጂ አይሰበርም። ጥልቀቱን የሚወስነው የገበሬው እጅ በእርፉ ላይ የሚያሳርፈው ጫና ነው። ሥራው ሲያበቃም መሣሪያው በአንድ ሰው ትከሻ ላይ ወደ ቤት ይመለሳል።

ጉድለቱንም መደበቅ አይገባም። ማረሻ አፈርን ይሰነጥቃል እንጂ አይገለብጥም። ስለዚህ በትልምና በትልም መካከል ያልተነካ መሬት ይቀራል፤ ገበሬውም አግድም ደግሞ ማረስ፣ ከዚያም ማሰለስ ግድ ይሆንበታል። ጤፍማ ከዚህም በላይ እርሻ ይጠይቃል። የበሬውም የሰውም ድካም የሚበዛው በዚህ ነው። ይህም ሆኖ መሣሪያው የመሬት መለኪያ እስከ መሆን ደርሷል፤ አንድ ጥማድ በሬ በአንድ ቀን የሚያርሰው መሬት ጥማድ ይባላል፤ በተለምዶም የሄክታር ሩብ ተብሎ ይታሰባል። ቆላና ደጋ፣ ሜዳና ተዳፋት፣ ጠንካራና ደካማ በሬ ሁሉ በአንዲት ቃል ውስጥ ገብተዋል፤ ቀያሽ የማይወደው ልኬት ቢሆንም የሥራን መጠን ከመሬት ስፋት ጋር አጣምሮ የያዘ ነው።

ይህን መሣሪያ ለማሻሻል የተደረጉት ሙከራዎች ሊጠኑ የሚገባቸው ናቸው። በ1970ዎቹ ዓ.ም. የአፍሪካ ዓለም አቀፍ የከብት ማዕከል፣ በአጭሩ ኢልካ፣ በደብረ ብርሃን በአንድ በሬ የሚጎተት ማረሻ ሠርቶ ሞክሮ ነበር። አሳቡ መልካም ነው፤ አንድ በሬ ብቻ ያለው ገበሬ ብዙ ነውና። ነገር ግን አንድ በሬ ያለው ገበሬ መቀናጆ የሚባል መፍትሔ ቀድሞውኑ ነበረው፤ የእርሱን በሬ ከጎረቤቱ በሬ ጋር ጠምዶ በተራ ያርሳል። አዲሱ መሣሪያ በገበሬው ዘንድ አልተስፋፋም። ይኸው ማዕከል ሁለት ማረሻዎችን በማጣመር በጥቁር መሬት ላይ ውኃ የሚያጠነፍፍ ሰፊ መደብ የሚያወጣ መሣሪያም ሠርቷል፤ ይህኛው የተነሣው ገበሬው ከሚያውቀው መሣሪያ ነው። ሞፈርን ብቻ ለክቶ ጉርብትናን ያልለካ ንድፍ ጎዶሎ እንደሚሆን የመጀመሪያው ሙከራ በቂ ማስረጃ ነው።

ወደ ቤት ሲገባ የድንጋይ ወፍጮው ይገኛል፤ ወይም ይገኝ ነበር ማለት ይሻላል፤ በብዙ ግቢ ዛሬ የደጃፍ መረገጫ ወይም የመቀመጫ ድንጋይ ሆኗል። የታችኛው ድንጋይ ወደ ፊት ዘንበል ብሎ ይተከላል። ሴቲቱ ከበላዩ ጎንበስ ብላ መጁን በሁለት እጇ ስትገፋ የክንዷን ጉልበት ብቻ ሳይሆን የሰውነቷን ክብደት ትጠቀማለች፤ ዱቄቱም በቁልቁለቱ ይወርዳል። ድንጋዩ ሲለሰልስ መፍጨቱን ስለሚተው በየጊዜው ይወቀራል። እንጅባራ ዙሪያ፣ የዘንገና ሐይቅ ራሱ እንደሚመሰክረው፣ የእሳተ ገሞራ ምድር ነው። ቀዳዳማ የሆነው የእሳተ ገሞራ ድንጋይ እየተበላም ቢሆን አዲስ ሸካራ ፊት ስለሚያወጣ ለዚህ ሥራ ይመረጣል። ድንጋይ መርጦ ማወቅ፣ ቁልቁለቱን መወሰን፣ መቼ እንደሚወቀር በድምፁ መለየት እናት ለልጅ የምታስተላልፈው እውቀት ነበር።

ለዚህ ድንጋይ መቅረት ግን ማንም ሊያለቅስ አይገባውም። የቤተ ሰቡ እንጀራ የሚወጣው ከሌሊት ጀምሮ ከሚገፋ መጅ ነበርና፣ የሞተር ወፍጮ ወደ ገጠር ሲገባ ከሴቶች ወገብ ላይ ያነሣው ሸክም ከብዙ መንገድና ድልድይ ጥቅም የማያንስ ነው። እንስራም እንዲሁ ነው። ሸክላው ላዩ ላይ በሚተነው ውኃ የውስጡን ያቀዘቅዛል፤ ጀሪካን ይህን አያደርግም። ሆኖም ባዶውን እንኳ የሚከብደውን እንስራ በጀርባዋ አዝላ ዳገት የወጣች ሴት ጀሪካንን ስትመርጥ ትክክል ናት። የቀድሞውን ዕቃ የሚያደንቅ ሰው በቅድሚያ ተሸካሚውን ይጠይቅ።

የአዊ ደጋ ከሌላው አገር የሚለይበት ነገር ቀርከሃው ነው። አጥሩ፣ የቤቱ ግድግዳ፣ ምንጣፉ፣ ቅርጫቱ ከእርሱ ይሠራል። ባዶ ቱቦ በክብደቱ መጠን ከድፍን ዘንግ ይልቅ መታጠፍን እንደሚቋቋም በመማሪያ ክፍል በቀመር ይሰጣል፤ የቀርከሃ ሠሪው ይህን የሚያውቀው በእጁ ነው። ለምሰሶ የሚሆነውን ከለጋው ይለያል፣ የሚሰነጠቀውንም በሚፈልገው ስፋት ይሰነጥቃል። ይህ ሙያ በእንጅባራ ዛሬም ገበያ አለው።

ታዲያ የእነዚህ ሁሉ ሠሪዎች ስም ለምን አልተመዘገበም? ምክንያቱ የሚያሳፍር ነው። ቀጥቃጩ፣ ሸክላ ሠሪዋ፣ ሸማኔውና ቆዳ ፋቂው በአገራችን ሲናቁና ሲሰደቡ ኖረዋል። ዳግማዊ አፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት አዋጅ ባለእጅን በሙያው መስደብን ከልክለው ነበር፤ አዋጁ ስድቡን አላጠፋውም። ማረሻው ተከብሮ ማረሻ ሠሪው ተንቋል። ስለሆነም ዕቃ ተሰብስቦ የሠሪው ስምና ቃል ካልተጻፈ አሮጌው በደል በአዲስ መልክ ይደገማል።

በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ በ1955 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም በቀድሞው ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የያዘው ቤተ መዘክር ለአገሪቱ ትልቅ ባለውለታ ነው። ይሁንና ዕቃን በሕይወት የሚያቆየው መስታወት ብቻ አይደለም። የአዊ ፈረስ ኮርቻ፣ ልጓም፣ ግላስና እርካብ ዛሬም ይሠራሉ፤ ለምን ቢባል የዓድዋን ድል ለመዘከር በ1932 ዓ.ም. የተቋቋመው የአገው ፈረሰኞች ማኅበር በየዓመቱ ጥር 23 ቀን ፈረሶቹን አስጊጦ ስለሚያወጣ ነው። ለኮርቻው ሥራ ስላለው ኮርቻ ሠሪም አለው።

መለካት ለዚህ አገር እንግዳ አይደለም። የእንግሊዝ ቆንስል የነበረው ሜጀር ቺዝማን እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ ዳንግላ ተቀምጦ የጣናን ሐይቅና የዓባይን ሸለቆ እየቀየሰ ካርታ አንሥቷል። ለሞፈርና ለወፍጮ የሚያስፈልገው መሣሪያ ከዚያ እጅግ ያነሰ ነው፤ ሜትር፣ ሚዛን፣ የወረቀት ሠሌዳና ትዕግሥት ብቻ። በዞኑ የሚሠራ አንድ የማኅበሩ አባል ለመንገድ ወይም ለውኃ ሥራ ወደ ቀበሌ በወጣ ቁጥር አንድ ዕቃ ከሦስት ጎኑ ቢነድፍ፣ ክብደቱን ቢመዝን፣ ከምን እንጨት ወይም ድንጋይ እንደ ተሠራ ቢጽፍ፣ በዓመቱ መጨረሻ የሚሰበሰበው ቀላል አይሆንም። ስሙም በአማርኛ ብቻ ሳይሆን በአዊኛ ይጻፍ፤ የእያንዳንዱ ክፍል ስም ለየብቻ ተጠይቆ፣ የሚናገረው ሰው እንዳለው ሆኖ። ቅደም ተከተሉም ይታሰብበት፤ ሞፈሩ ከጣሪያ ሥር ተሰቅሎ ጥቂት ዓመታት ሊቆይ ስለሚችል፣ በመጀመሪያ የሚጎበኙት ወፍጮ መውቀር የሚያውቁት አሮጊቶችና ማረሻ የሚስሉት ሽማግሌዎች ይሁኑ።